የሌለውን የሚፈልግ ዓይን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ ደመናው እንደ ተጫነ ዋለ፤ ዝናቡ አልወረደ፣ መብራት የለ፣ ልቤም ምንም ሥራ አልያዝ ብሎኛል። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እናቴ በሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም አያት ነበር። ጠጠሩና ምስሩ በመጠንም በመልክም ይመሳሰላሉ፤ እርሷ ግን የጎረቤታችንን ለቅሶ እያወራችኝ፣ ጣቷ ሳይሳሳት ጠጠሩ ላይ ያርፋል። «እማዬ፣ በዚህ ጨለማ እንዴት ይታይሻል?» አልኳት። «እኔ ምኑን አየዋለሁ፤ ራሱ ዓይኔ ውስጥ ይገባል እንጂ» አለችኝ።

ይህን ስትል ስሜን ላይ ያየኋቸው ጭላዳዎች ትዝ አሉኝ። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደባርቅ በኩል ወደ ፓርኩ የገባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም፤ ኑሯቸውም በአብዛኛው ሣር ነው። አንዷን በቅርብ ሆኜ ብዙ ተመልክቻታለሁ። በቂጧ እንደ ተቀመጠች፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንዷን ቅጠል ከብዙ መካከል መርጣ ትነጫለች፣ መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ ትልካለች፣ ሳትነሣም ትንሽ ወደ ፊት ትንፏቀቃለች። ደረቁ ከለምለሙ ተደባልቋል፤ እጇ ግን አያመነታም። ድንገት ከማዶ የእረኛ ውሻ ብቅ ሲል፣ እኔ ውሻውን ሳላየው መንጋው በአንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ ጮኾ ወደ ገደሉ ሮጠ። ያቺ ሁሉ ሐሳቧ በሣሩ ላይ ይመስለኝ የነበረች ጭላዳ፣ ውሻውን በየትኛው ዓይኗ ነው ያየችው?

ዓይን በጥራት የሚያየው ከመካከሉ ያለችውን ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ዓይን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል፤ የዝንጀሮና የጦጣ ዓይንም በዚሁ መልክ ይሠራል። ቀጥሎ ወዴት እንደሚዘል የሚወሰነው ግን ገና ሳይዘል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጎልድበርግና ዉርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ሬሰስ በተባለው የእስያ ጦጣ መካከለኛ አንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳትን ሲከታተሉ፣ ጦጣው ዓይኑን ወደ አንዲት የብርሃን ነጥብ ሊያዞር ሲል፣ ዓይኑ ገና ሳይንቀሳቀስ ሕዋሱ ለዚያችው ብርሃን የሚሰጠው ምላሽ እንደሚበረታ አሳዩ። ሞራንና ደሲሞን ደግሞ በ1985 ሁለት ነገሮችን አንድ ሕዋስ በሚያይበት ክልል ውስጥ አኑረው ጦጣው አንዱን ብቻ እንዲከታተል ሲያደርጉ፣ ሕዋሱ ለሌላው የሚሰጠው ምላሽ በእጅጉ ቀነሰ። ያልተፈለገው ነገር ከፊቱ አልተነሣም፤ ብርሃኑም ዓይኑ ላይ ወድቋል፤ ነገር ግን አንጎሉ ዘንድ ሲደርስ ደክሟል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው በ1993 የወጣው ጥናት ነው። ለጦጣው መጀመሪያ አንድ ሥዕል ያሳዩታል፤ ሥዕሉ ይጠፋና ለጥቂት ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ያው ሥዕል ከሌላ ጋር ተመልሶ ሲመጣ ጦጣው ለይቶ ዓይኑን ወደ እርሱ እንዲያዞር ይጠበቅበታል። ያንን ሥዕል የሚለዩት ሕዋሳት በባዶው ጊዜ እንኳ ጨርሰው አላረፉም ነበር። ሥዕሎቹ ሲመጡ በመጀመሪያ ሁሉም ሕዋሳቱን እኩል ይቀሰቅሳሉ፤ ዓይኑ ከመንቀሳቀሱ 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አስቀድሞ ግን የማይፈለገው ይዳፈንና የሚፈለገው ብቻውን ይቀራል። ፍለጋው ከማየቱ ይቀድማል ማለት ነው። (ያ ጦጣ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ታስሮ፣ ለጠብታ ጭማቂ ሲል ቀኑን ሙሉ ሥዕል ሲለይ መዋሉ ያሳዝነኛል። ስለ ገዛ ዓይናችን ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከእርሱ ነውና፣ ቢያንስ ውለታውን ማወቅ ይገባናል።)

ስለ ባዶው ጊዜ ማሰብ አልተወኝም። እሱ ከሄደ ወዲህ በአራዳ ባለፍኩ ቁጥር፣ ጋቢ ከደረቡት ሰዎች መካከል ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ አንድ ሰው ካለ፣ ሌላው ሕዝብ ሁሉ ደብዝዞ ያ ሰው ብቻ ከፊቴ ይቆማል። እሱን እየፈለግሁ እንዳልወጣሁ አውቃለሁ፤ ስለ እሱም አላስብ ይሆናል፤ ዓይኔ ግን ቀድሞ ሄዷል። የሰፈሬን ሰው ሰላም ሳልለው የማልፈው በዚያ ቅጽበት ነው፤ ተቀያሚዎቼም በዝተዋል። አዝናለሁ፤ ነገር ግን እነርሱ ከፊቴ ሳይታጡ የተዳፈኑብኝ ይመስለኛል።

በአንዳንዶቹ ሙከራዎች ውስጥ የሚፈለገው ሥዕል ጨርሶ የማይመጣበት ጊዜ አለ። ጦጣው ያን ጊዜ ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ ከመካከሉ ነጥብ ላይ እንዲያቆይ ይሠለጥናል፤ «እዚህ የለም» ማለቱ ነው፤ ስለዚህም እንደ አገኘ ሁሉ ይሸለማል፤ ያኛው ፍለጋ በዚያ ያበቃና ሌላ ይጀመራል። የእኔ ዓይን ግን «የለም» ብሎ ማቆምን ከማን ይማራል? ደግሞስ ቢማር፣ እነዚያ በባዶው ጊዜ ያላረፉት ሕዋሳት ሲያርፉ፣ የእሱን መልክ ማን ይይዝልኛል?