በእርሳስ የተጻፉ ስሞች

በ2023 ማርች ነው። አርብ ማታ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን በ95 አውራ ጎዳና ወደ ፍሎሪዳ ወረድን። መኪናው የጓደኛዬ፣ ቤንዚኑ የኔ። ቨርጂኒያንና ሁለቱን ካሮላይናዎች በጨለማ ስላለፍናቸው የማወራው የለኝም።

የምንሄደው ቤዝቦል ለማየት ነው። የኛ ከተማ ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ከ2017 ጀምሮ የቅድመ ውድድር ዝግጅቱን የሚያደርገው ዌስት ፓልም ቢች ነው፤ ግቢውን ከሂዩስተን አስትሮስ ጋር ይጋራል። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫውን ያነሣው እነዚሁኑ አስትሮሶች አሸንፎ ነበር። እኔ ጨዋታውን የወደድኩት የማታ ፓርኪንግ ስሠራ በሬዲዮ ነው። በ2022 ቡድኑ ከ162 ጨዋታ 107ቱን ሲሸነፍ እንኳ ሬዲዮዬን አልዘጋሁም።

ጆርጂያ ስንደርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆነ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሞቴል አገኘን። ስልክ ላይ 69 ዶላር ይል ነበር። እንግዳ ተቀባዩ 94 አለን። ለምን ስለው ሃያ አምስቱ ማስያዣ ነው፣ ጠዋት ይመለሳል አለ። ክፍሉ የሲጋራ ሽታ ጠግቧል፤ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ሲንገጫገጭ አደረ። ጠዋት ሌላ ሰው ተቀምጧል። ስለ ማስያዣው አላውቅም አለ። ብሩ አይደለም ያቃጠለኝ። ሌሊት የመጣ እንግዳ ደክሞታል፣ አይከራከርም ተብሎ መታሰቡ ነው። አያቴ ቤት ሌሊት እንግዳ ከመጣ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል። ከየት መጣህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው።

መኪና ውስጥ ስልኬን ስከፍት ትልቅ ዜና ጠበቀኝ። የቡድናችን ካቸር (ኳስ ተቀባይ) ኬይበርት ሩዊስ ለ8 ዓመት በ50 ሚሊዮን ዶላር ውሉን አራዝሟል። ቬንዝዌላዊ ነው፣ ገና 24 ዓመቱ። ጓደኛዬ ተናደደ።

«ራሱን በርካሽ ሸጠ! ሁዋን ሶቶ እኮ 440 ሚሊዮን አልፈልግም ብሏል።»

እውነት ነው። በ2022 የቡድናችን ኮከብ ሶቶ የ15 ዓመቱን ውል አልፈርምም አለ፤ ቡድኑም ለሳንዲያጎ ቡድን አሳልፎ ሰጠው። ግን የሩዊስ ነገር ሌላ ነው። አንድ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም የማይርቅ ነው፤ በ2023 ዝቅተኛው 720,000 ዶላር ነበር። ቀጥሎ ያሉት ሦስት ዓመታት በግልግል ዳኝነት የሚተመኑ ናቸው። ነፃ ሆኖ ወደ ፈለገበት የሚሄደው 6 የአገልግሎት ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው። ሩዊስ ከነፃነቱ ዓመታት ሁለት ሦስቱን ሰጥቶ እርግጠኝነትን ገዛ። ቡድኑ ደግሞ ከፈለገ ሁለት ዓመት ይጨምርበታል። ካቸር ማለት ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ በጓንቱ፣ ሲያመልጠውም በደረቱ የሚቀበል ሰው ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ኳስ መትቶት ሆስፒታል አድሯል፤ ወቅቱንም በዚያው ጨረሰ። እኔ ብሆን እፈርም ነበር። በዚህ ክርክር ጃክሰንቪልን እንዴት እንዳለፍናት ራሱ አላውቅም።

ዌስት ፓልም ቢች በማርች ውድ ነው። የሆቴሉን ዋጋ ለባለቤቴም አልነገርኳት። ፀሐዩ ግን የባሕር ዳርን አስታወሰኝ፤ ሜሪላንድ ገና ካፖርት አላወለቀችም።

ከሁሉ የወደድኩት የኋላ ሜዳዎቹን ነው። ጠዋት ገብተህ ከአጥሩ አጠገብ ትቆማለህ። ተጫዋቾቹ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ደረት ላይ ይሰማል። አንድ ልጅ ነበር፤ ቁጥሩ ዘጠና ምናምን፣ ማሊያው ጀርባ ላይ ስም የለም። ከታዳጊዎቹ ለዕለቱ ተውሰውት ነው። ልምምዱ ሲያልቅ የተበተኑትን ኳሶች አንድ በአንድ እየለቀመ ባልዲ ውስጥ ከተተ። ማንም አላዘዘውም።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ተዋወቅን። ከሜሪላንድ ነው የመጣው። ፀሐይ ሲያቃጥለኝ አይቶ ከወንበሩ ተነሥቶ ጥላ ያለበትን ቦታ ለቀቀልኝ። እምቢ ስለው እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። እኔ በልቤ አባባ እላቸው ጀመር፤ አንቱታውም መጣ። ባለቤቴ የቋጠረችልንን ዳቦ ቆሎ አቀረብንላቸው። አንዱን ቀምሰው ሙሉ እፍኝ ዘገኑ።

ጉልበታቸው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። ከላይ የ40ዎቹ ስም በሰማያዊ ብዕር። እነዚህ የትልቁ ሊግ ውል ያላቸው ናቸው። ከታች ለሙከራ የተጋበዙት፣ በእርሳስ። ውድድሩ ሲጀምር ከሁሉም የሚቀሩት 26 ብቻ ናቸው። ወደ ሮቸስተር፣ ማለት ወደ ታችኛው ቡድን የተላከ ሰው ስሙ አጠገብ ነጥብ ይደረግበታል። ስም አይሰርዙም፤ ሊመለስ ይችላል ይላሉ።

ብልሃቱ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አለ። አንዳንዱን ታች ለመላክ ቡድኑ ገና መብት አለው፤ እሱ ጥሩ ቢጫወትም ሊላክ ይችላል። ሌላውን የመላክ መብቱ ግን አልቆበታል፤ እሱን ለመላክ መጀመሪያ ለሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ይቀርባል፣ አንዱ ሊወስደው ይችላል። ወርዋሪውን ታድ ዋርድን አባባ በክብ አስምረውበታል። ዲሴምበር ላይ ከቦስተን በ100,000 ዶላር ተወስዷል። ዓመቱን ሙሉ ከ26ቱ ጋር መቆየት አለበት፤ ካልሆነ ቦስተን በግማሽ ዋጋ መልሶ እንዲወስደው ይጠየቃል። ስለዚህ አንዳንዴ የተሻለ የወረወረው ሰው ይሄዳል፣ ወረቀቱ ያስገደደው ይቀራል። ይህን ፍትሕ ልለው ይከብደኛል።

ወረቀቱን ፎቶ አነሣሁት። አባቴ ደሴ ውስጥ በአንድ መጋዘን መዛኝ ነበር፤ የኮንትራት ሠራተኛ፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ። የደመወዝ ዝርዝሩ ላይ የቋሚዎቹ ስም በታይፕ የተመታ ነው። የኮንትራቶቹ ከሥር በእጅ ይጻፋል። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት አይቼዋለሁ።

ማክሰኞ ወደ ሰሜን ፖርት ሴንት ሉሲ ሄድን፤ የኒውዮርክ ሜትስ ግቢ ነው። ኬድ ካቫሊ ሊወረውር ነው። በ2020 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ፣ ቡድኑ ብዙ ተስፋ የጣለበት ልጅ። በሦስተኛው ኢኒንግ፣ ማለት በጨዋታው ሦስተኛ ክፍል፣ ኳሱን ለቀቀና ክንዱን አራገፈ። አሠልጣኞቹ ወጡ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ የሜትስ ደጋፊዎች እንኳ። ከቀናት በኋላ የክርን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገውና ዓመቱን እንደማይጫወት ተነገረ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ «አሁን ለአንዱ ቦታ ተከፈተለት» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው እንደዚህ ነው። አባቴ ቋሚ የሆነው ከፊቱ የነበሩት ሰው ታመው ሲወጡ ነው። እናቴ ያን ቀን ቡና አፈላች፣ ፈንድሻ በተነች። እልልታ ግን አላሰማችም። የሰውዬው ቤት ከኛ አጥር ቀጥሎ ነበር።

የመመለሻው መንገድ ዝናብ ነበር። በዚያ ሞቴል በኩል ስናልፍ ሳንቆም ነዳን።

ማርች 30 ውድድሩ ተጀመረ። ፓርኪንግ ላይ ሆኜ በሬዲዮ የ26ቱን ስም ሰማሁ። ታድ ዋርድ አለበት። በሙከራ የመጣው ቻድ ኩል ከአምስቱ ጀማሪ ወርዋሪዎች አንዱ ሆኗል። ሆቢ ሃሪስም አለ፤ 29 ዓመቱ ነው፣ በትልቁ ሊግ አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም።

ስልኬን አውጥቼ የአባባን ወረቀት ፎቶ ከፈትኩ። በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ሃሪስ ከታች ነው፣ በእርሳስ። ከስሙ አጠገብ ነጥብ የለም።