ሁለት ሚሊሜትር

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የዋልኩት፣ ባለፈው ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጠርዙ ለተሰነጠቀው የቪትዝ መኪናዬ ቸርኬ ምትክ ለመፈለግ ነበር። ሻጩ «ባለ14 ኢንች ነው፣ ባለአራት ብሎን ነው፤ ይገባል» ብሎ አንድ የሚያምር የአሉሚኒየም ቸርኬ ቢያቀርብልኝም፣ አብረውኝ የመጡት አዛውንት ጎሚስታ ግን «ልጄ፣ ቀዳዳ መቁጠር ብቻውን አይበቃም» ብለው መለኪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ፊት ለፊት ከሚተያዩት ቀዳዳዎች የአንዱን መሃል ከሌላው መሃል ሲለኩት 98 ሚሊሜትር ሆነ፤ ይህ የፊያት ልክ ነው፣ የቪትዝ ግን 100 ነው። ልዩነቱ ከቁብ የሚቆጠር ባይመስልም ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ ተንጋዶ ስለሚይዝ እየዋለ እያደረ ሊላላ ይችላል፤ ልጆቼን በምጭንበት መኪና ላይ ይህን ልቀበል አልችልም።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ልኩ 100 የሆነ፣ እንደ ነባሩ ቸርኬዬ 45 የሚል ቁጥር የታተመበት የብረት ቸርኬ አገኘን። ይህ ቁጥር ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበትን ልክ የሚወስን ሲሆን፣ በጣም ካነሰ ጎማው ወጣ ብሎ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ይፈገፍጋል። የመሃል ቀዳዳውም 54.1 ሚሊሜትር ስለነበር ቸርኬው በሚታሰርበት ሞዞ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ጎሚስታው ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጃቸው አስገብተው፣ ከዚያ በመስቀለኛ ተራ ሲያጠብቋቸው አንዱም አላንገራገረም።