ትርፍ ማይል በሊዝ መኪና፦ ሂሳቡ የሚመጣው ቁልፉን ስትመልሱ ነው

«በዓመት 12,000 ማይል» የማስታወቂያ ቋንቋ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚፈረም የመኪና ሊዝ ውል የሚቆጠረው ጠቅላላው ነው። የ36 ወር ውል ከሆነ 36,000 ማይል፣ ያውም መኪናውን ስትረከቡ ኦዶሜትሩ (የማይል ቆጣሪው) ላይ ከነበረው ቁጥር ጀምሮ። በመጀመሪያው ዓመት 16,000፣ በሁለቱ ቀጣይ ዓመታት ደግሞ 10,000፣ 10,000 ብትነዱ ሲያልቅ ልክ 36,000 ላይ ናችሁና ማንም አንዲት ሳንቲም አይጠይቃችሁም። ይህን ሳያውቅ ዓመት በሞላ ቁጥር የሚጨነቅ አለ። «ገና ሁለት ዓመት አለኝ» ብሎ ተኝቶ፣ መኪናውን በመለሰ በሳምንታት ውስጥ የ3,000 ዶላር ሂሳብ በፖስታ የሚደርሰውም አለ።

(ሊዝ ሲባል የአዲስ አበባ መሬት ለሚታወሰው ሰው፦ እዚህ ሊዝ ማለት መኪናውን ለ24፣ ለ36 ወይም ለ39 ወር ይዞ፣ በዚያ ጊዜ የሚቀንሰውን ዋጋና ወለዱን በየወሩ እየከፈሉ መንዳት ነው። መኪናው የእናንተ አይደለም። ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ ወይም ትገዙታላችሁ።)

መጀመሪያ ውሉን ከመሳቢያ አውጡት። ሬጉሌሽን ኤም የሚባለው የፌዴራል ደንብ አከራዩ (መኪናውን በሊዝ የሰጣችሁ የፋይናንስ ድርጅት) ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች በግልጽ ለይቶ እንዲያሳይ ስለሚያስገድድ ፍለጋው ከባድ አይደለም። አራት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ በርክክቡ ቀን የነበረው የኦዶሜትር ንባብ፣ የተፈቀደው ማይል፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል የሚከፈለው ሳንቲም፣ እና ሲያልቅ መኪናውን ለመግዛት የተቀመጠው ዋጋ። ትርፉ ማይል በተራ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲም ነው። በቅንጦት መኪና 30 ሳንቲም ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያውን ቁጥር በተለይ ተጠንቀቁት። ዲለሩ (መኪና ሻጩ ድርጅት) ለሙከራ ሲያስነዳው የቆየ መኪና ስትረከቡ 3,000 ማይል ሊኖረው ይችላል። ውሉ ላይ 12 ማይል ተብሎ ከሰፈረ ሌሎች የነዱትን በ20 ሳንቲም ሂሳብ 600 ዶላር እናንተ ልትከፍሉ ነው።

አሁን ስሌቱ። በወር 389 ዶላር የሚከፈልበት፣ በ36 ወር 36,000 ማይል የተፈቀደለት፣ ትርፉ በማይል 20 ሳንቲም የሆነ መኪና እንያዝ። 14 ወር ሆኖታል፣ የተነዳው 19,388 ማይል ነው። 19,388ን ለ14 ስናካፍል በወር 1,385 ማይል ገደማ ይሆናል። በዚሁ ፍጥነት 36 ወሩ ሲሞላ 49,855 ይደርሳል። ትርፉ 13,855 ማይል፣ ዕዳው 2,771 ዶላር። ይህን ለ36 ወር ብታካፍሉት በወር 77 ዶላር ነው። እንግዲህ የዚህ መኪና እውነተኛ ወርሃዊ ክፍያ 466 ነው፤ 77ቱ ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል እንጂ። ስሌቱን በሦስተኛው ወር መጀመር ይቻላል፤ ስልካችሁ ላይ በየሦስት ወሩ የሚያስታውስ አላርም ይበቃል።

ክፍያው ለምን እንደተቀመጠ ማወቅ ለድርድሩ ይጠቅማል። አከራዩ መኪናው ውሉ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከመጀመሪያው ይገምታል። ይህ ሪዚጁዋል የሚባለው ነው። የ36,000 ዶላር መኪና በዓመት 12,000 ማይል ሲነዳ 60 በመቶ፣ ማለትም 21,600 ዶላር ይቀረዋል ተብሎ ከተገመተ፣ በዓመት 15,000 ሲሆን ግምቱ ብዙ ጊዜ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ 720 ዶላር ነው፤ በ36 ወር ተከፋፍሎ በወር 20 ዶላር። በዚህ 720 ዶላር የተገዛው 9,000 ማይል ስለሆነ ማይሉ 8 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ያንኑ 9,000 ማይል መጨረሻ ላይ በ20 ሳንቲም ብትከፍሉት 1,800 ነው። ዲለሩ ወርሃዊውን ዝቅ አድርጎ ለማሳየት በዓመት 10,000 ማይል ላይ ሲያስፈርማችሁ የሚሸፍነው ይህንን ነው።

«ካልነዳሁትስ?» ያላችሁ እውነት አላችሁ፤ ያልተነዳ ማይል አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም። ግን 720 ዶላር በ20 ሳንቲም ሂሳብ 3,600 ማይል ነው። ከ9,000ው ከ3,600 በላይ የምትነዱ ከሆነ ቀድሞ መግዛቱ ያዋጣል። ከዚያ በታች ከሆነ ትንሹ ውል ይሻላል።

ከመፈረም በፊት የራስን ማይል መገመት ላይ ብዙ ሰው የሚቆጥረው ቤትና ሥራ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ አሌክሳንድሪያ እየኖረ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሰው በቀን 40 ማይል ቢነዳ፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን 10,000 ማይል አለቀ። ገና እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፣ ከደለስ ኤርፖርት እንግዳ አልተቀበለም፣ ለቅሶ አልደረሰም፣ ሐምሌ ላይ ለኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ ውድድር ሌላ ስቴት አልነዳም። ከዲሲ አትላንታ ደርሶ መልስ ብቻ ወደ 1,280 ማይል ነው። ባለፈው ዓመት ስንት እንደነዳችሁ ግምት አያስፈልገውም፤ የአሮጌው መኪና የዘይት ቅያሪ ደረሰኞች ላይ ቀንና ማይል ተጽፏል። የሁለቱን ልዩነት ውሰዱ።

ኡበርና ሊፍት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቀን 120 ማይል፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት የሚሠራ 36,000 ማይል ይነዳል። የሦስት ዓመቱን ኮታ በአንድ ዓመት ጨረሰ። ከዚያ የሚብሰው፣ ብዙ የግል ሊዝ ውሎች መኪናውን ሰው በክፍያ ለማመላለስ መጠቀምን ይከለክላሉ። ውል ማፍረስ ነውና አከራዩ መኪናውን የመውሰድ መብት ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ሥራ ተራ ሊዝ አይሆንም፤ ያገለገለ መኪና በብድር መግዛት ይሻላል። ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ውሉ አጋማሽ ላይ ሆናችሁ ማይሉ እንደሚያልፍ ካወቃችሁ፣ በመጀመሪያ አከራዩ ተጨማሪ ማይል በመሀል ይሸጥ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ከመጨረሻው ዋጋ ቀነስ አድርገው ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹ ከርክክብ ቀን በኋላ አይሸጡም። ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ ረጅሙን መንገድ በእሱ ማድረግ ነው። ለሐምሌው ጉዞ መኪና መከራየትም በስሌት ይታያል፦ 1,280 ማይል በ20 ሳንቲም 256 ዶላር ነው። ማይል የማይገድብ ኪራይ ከዚያ በታች ካገኛችሁ ተከራዩ፤ ካላገኛችሁ በራሳችሁ ሂዱ።

ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም አለ። ስዋፕኤሊዝና ሊዝትሬደር የተባሉት ድረ ገጾች ለዚሁ ናቸው። ችግሩ ተረካቢው የሚያየው የቀረውን ማይል ነው። በላይኛው ምሳሌ 22 ወር ቀርቶ 16,612 ማይል ነው ያለው፤ በወር 755። ይህን የሚወስድ ሰው ለማግኘት ከኪሳችሁ ጥቂት መጨመር ሊኖርባችሁ ይችላል። አከራዩ የሚፈቅድ መሆኑን፣ ከፈቀደም የመጀመሪያው ፈራሚ ከኃላፊነት ሙሉ በሙሉ መውጣት አለመውጣቱን በጽሑፍ ያዙ። አንዳንድ ውል አዲሱ ሰው ሳይከፍል ሲቀር ወደ እናንተ ይመለሳል።

የማይመከረው መኪናውን ቀድሞ መልሶ «ገላገለኝ» ማለት ነው። ሬጉሌሽን ኤም ራሱ ውሉን ቀድሞ ማቋረጥ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያስከፍል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገድዳል። የ2,771 ዶላር ዕዳ ሽሽት 6,000 ውስጥ መግባት ይሆናል።

መጨረሻው ሲደርስ ሦስት በር አለ፦ መመለስ፣ ራስ መግዛት ወይም ለዲለር ማስገዛት። ትርፍ ማይል የሚከፈለው መኪናው ሲመለስ ብቻ ነው፤ ከገዛችሁት ማይሉን የሚጠይቃችሁ የለም። ስለዚህ ውሉ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ደውላችሁ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ እናንተ ራሳችሁ የምትገዙበት ዋጋና ዲለር የሚገዛበት ዋጋ። ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ መኪናው በዚያ ማይል ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ከሁለት ሦስት ገዢ በጽሑፍ አስገምቱ።

በቁጥር እንየው። የመግዣ ዋጋ 21,600፣ ትርፍ ማይል 15,000፣ የገበያ ዋጋ 20,000 ዶላር ነው እንበል። መመለስ፦ 3,000 ዶላር ለማይሉ፣ 395 ዶላር ደግሞ ዲስፖዚሽን ፊ ለሚባለው የመመለሻ ክፍያ፣ በድምሩ 3,395። ራስ ገዝቶ ወዲያው መሸጥ፦ 21,600፣ የግዢ ክፍያ 300፣ 6 በመቶ ታክስ 1,296፣ ድምሩ 23,196። በ20,000 ሲሸጥ ኪሳራው 3,196። ልዩነቱ 199 ዶላር ነው፤ ለድካሙ አይበቃም። ዲለር በቀጥታ ከአከራዩ በ21,600 ገዝቶ ለመኪናው 20,000 ቢገምትላችሁ ግን ታክሱ የእናንተ አይደለም፤ ልዩነቱን 1,600 ትከፍላላችሁ። ከመመለሱ 1,795 ዶላር ይቀንሳል። መኪናውን ለዓመታት መንዳት ለሚፈልግ ደግሞ መግዛቱ የተሻለ ነው፤ ታክሱም ባከነ አይባልም፣ ማይሉም ተረሳ።

እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። ከ2021 ወዲህ ብዙ የመኪና አምራቾች ፋይናንስ ክፍሎች የሊዝ መኪናን ከራሳቸው ብራንድ ዲለር ውጪ ላለ ገዢ በቀጥታ መሸጥን ከልክለዋል ወይም ዋጋውን ከፍ አድርገዋል። ስለዚህ ጥሩ ዋጋ የሰጣችሁ ሌላ ድርጅት መግዛት ላይችል ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለተኛው «ማይሉን እኛ እንሸፍንላችኋለን» የሚለው የዲለር ቃል ነው። አንዳንዴ እውነተኛ የአምራች ቅናሽ ነው። ብዙ ጊዜ ግን 1,600ውን አዲሱ መኪና ዋጋ ላይ ጨምሮ ከነወለዱ በ36 ወር ያስከፍላችኋል። የአዲሱ ውል ካፒታላይዝድ ኮስት (ሊዙ የሚሰላበት የመኪናው ዋጋ) ስንት እንደሆነ፣ የአሮጌው ልዩነት የት መስመር ላይ እንደተጻፈ ካላሳያችሁ አትፈርሙ።

ውሉን ለጥቂት ወር ማራዘም የሚታሰባቸውም አሉ። አንዳንድ አከራይ በሚራዘመው ወር ልክ ማይል ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። ካልጨመረ በየወሩ የምትነዱት ሁሉ በ20 ሳንቲም ነው። ብዙ የሚነዳ ሰው በማራዘም ከዕዳው አይወጣም።

ብዙ የተነዳ መኪና ጎማውም ያልቃል። ብዙ አከራዮች የጎማው ጥርስ ቢያንስ 4/32 ኢንች እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ጎማውን በራሳቸው ዋጋ ያስከፍሏችኋል። መለኪያው በጥቂት ዶላር ይገኛል። ካለቀ ራሳችሁ ቀይሩ፤ መጠኑና የጭነት ቁጥሩ ውሉ እንደሚለው መሆን አለበት፣ በጣም ውዱን ማድረግ ግን አያስፈልግም። የፍሬን ሸራም እንደዚሁ ይታይ። አከራዩ ከመመለሻው በፊት በነፃ የሚልከውን ገምጋሚ ተቀበሉት፤ ሪፖርቱ እጃችሁ ካለ ርካሹን ጥገና መርጣችሁ ለመሥራት ጊዜ ታገኛላችሁ።

አንድ ሰው «ማይሉን ዝቅ አደርግላችኋለሁ» ካላችሁ ራቁት። ኦዶሜትር መነካካት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ያስከትላል። ስትመልሱ የኦዶሜትር መግለጫ ፈርማችሁ ትሰጣላችሁ፣ የዘይት ቅያሪውና የጥገናው መዝገብም ትክክለኛውን ማይል ይዞ ይጠብቃችኋል።

በመመለሻው ቀን ዳሽቦርዱን ሞተሩ እንደበራ፣ ቁጥሩ በግልጽ እንዲታይ ፎቶ አንሱት፤ አራቱን ጎንና አራቱን ጎማም። ሁለቱንም ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጎደለ ቁልፍ በመቶዎች ዶላር ይታሰባል። ዲለሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማይሉን ጽፎ የፈረመበትን የርክክብ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ፤ መኪናው ከእናንተ በኋላ በእነሱ ግቢ ወይም መንገድ ላይ የሚነዳው ማይል በእናንተ እንዳይቆጠር መከላከያው እሱ ነው። የመጨረሻው ሂሳብ ሲደርስ ማይሉን ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ትልቅ ከሆነ በክፍፍል ለመክፈል ጠይቁ፤ ዝም ብሎ የተተወ ሂሳብ ወደ ሰብሳቢ ድርጅት ሄዶ ክሬዲታችሁ ላይ ይቀመጣል።