ካዛብላንካ ላይ በፖይንት ጥሩ ሆቴል እንዴት አረፍኩ

በካዛብላንካ መሃል ከተማ፣ የተባበሩት መንግሥታት አደባባይ ላይ፣ ሃያት ሪጀንሲ የሚባል ትልቅ ሆቴል አለ። ሞሮኮ የሄድኩ ጊዜ ያረፍኩት እዚያ ነው። ለክፍሉ የከፈልኩት በዶላር ሳይሆን በፖይንት፣ ማለትም በክሬዲት ካርድ ስንከፍል ባንኩ በሚሰጠን የሽልማት ነጥብ ነው። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ «ታድለሽ!» ይሉኛል። ነገሩ ግን የዕድል ጉዳይ አይደለም። ፖይንቱ የመጣው ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ሁሉ በየሳምንቱ ከምናወጣው ገንዘብ ነው፤ ከአስቤዛ፣ ከቤንዚን፣ ከስልክ፣ ከመኪና ኢንሹራንስ። ገንዘቡ መውጣቱ ላይቀር፣ ተመላሹን ሳይቀበሉ መቅረት ያስቆጫል። ስለዚህ እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካርዱ። እኔ የምጠቀመው የቼዝ ባንክን ሳፋየር ክሬዲት ካርድ ነው። ዓመታዊ ክፍያ አለው። ግን ፖይንቱን ወደ ሆቴልና ወደ አየር መንገድ ማዛወር ያስችላል፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ዕዳ ስለምንፈራ ሁሉንም ነገር በዴቢት ካርድ እንከፍላለን። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ክሬዲት ካርድ በየወሩ ሙሉውን ከከፈሉት ወለድ የለውም። ያልተከፈለ ሒሳብ (ባላንስ) ካሳደሩበት ግን ወለዱ በአብዛኛው ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ የፖይንቱን ጥቅም ጠራርጎ ይበላዋል። የካርድ ዕዳ ያለበት ሰው መጀመሪያ ዕዳውን ይጨርስ። ሆቴሉ የትም አይሄድም።

ለእኛ ሰው በተለይ የምለው አንድ ነገር አለ። አገር ቤት ገንዘብ ስትልኩ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ። ባንኮች ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ነው። ፖይንት የለውም፣ ኮሚሽን አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። እቁቡም፣ እድሩም፣ የቤተ ክርስቲያኑም መዋጮ ከካርዱ ውጭ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፖይንት የሚጠራቀመው ቀስ ብሎ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ይጠራቀማል።

ያረፍኩበት ሆቴል ሃያት የሚባለው የሆቴሎች ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ የራሱ የፖይንት ፕሮግራም አለው። የቼዝ ፖይንት ወደ ሃያት የሚዛወረው 1 ለ 1 ነው። አንዴ ከተዛወረ ወደ ባንኩ አይመለስም። ስለዚህ እኔ ፖይንቴን ባንኩ ውስጥ ነው የማቆየው። የምፈልገው ሆቴል በምፈልገው ቀን በፖይንት ክፍል እንዳለው በሃያት አፕ ላይ በዓይኔ ካላየሁ ንክች አላደርገውም። ክፍሉ ሲገኝ የሚያስፈልገኝን ያህል አዛውራለሁ። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ወዲያው ክፍሉን እይዛለሁ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ የተገለበጠ እንደሆነ ፖይንቱ የማይፈለግ ቦታ ታስሮ ይቀራል። ሃያት ላይ 24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ያልተደረገበት ፖይንት ይቃጠላል፤ ይህም ሳይታሰብበት ላለማዛወር ሌላ ምክንያት ነው።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ ሃያት የአባላቱን ፖይንት ያለ ክፍያ ማዋሃድ ይፈቅዳል። ባለቤቴ ከሥራ ጉዞ የተረፈው ትንሽ ፖይንት ነበረው። ለብቻው የትም አያደርስም ነበር። ከእኔው ጋር ሲደመር ግን ሒሳቡ ሞላ።

ለምን ካዛብላንካ? የምሩን ጥቅም ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ሃያት ሆቴሎቹን ከ1 እስከ 8 ባሉ ደረጃዎች ይመድባቸዋል። ኒውዮርክ የሚገኘው ፓርክ ሃያት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ ለአንድ ሌሊት 35,000 ፖይንትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። እኔ ካዛብላንካ ላይ በሌሊት ከ10,000 ያነሰ ነው የከፈልኩት። ኒውዮርክ አንድ ሌሊት በሚያሳድር ፖይንት እዚህ ሦስት ሌሊት ታድራላችሁ። ክፍሉ ሰፊ፣ አልጋው ጥሩ፣ መስተንግዶው የተሟላ ነው። ፖይንት ጠራቅመው አሜሪካ ውስጥ ውድ ከተማ ላይ በአንድ ቀን የሚጨርሱ ሰዎችን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። በዚያው ፖይንት ሌላ አገር ማየት ይቻል ነበር።

ግን ጭፍን መሆን የለበትም፤ ሒሳብ ሥሩ። የክፍሉን ዋጋ ከነግብሩ በፖይንቱ ብዛት አካፍሉት። ለምሳሌ ክፍሉ 210 ዶላር ቢሆንና 8,000 ፖይንት ቢጠየቅበት፣ አንዱ ፖይንት 2.6 ሳንቲም ገደማ አወጣ ማለት ነው። ያንኑ ፖይንት በጥሬ ገንዘብ ልመንዝር ብትሉ የምታገኙት 1 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በፖይንት ማደሩ ያዋጣል። ያው ክፍል በ90 ዶላር ከተገኘ ግን አንዱ ፖይንት ከ1 ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ያን ጊዜ ዶላሩን ከፍላችሁ ፖይንቱን ማቆየት ይሻላል። ካዛብላንካ የሞሮኮ የንግድ ከተማ ናት። ባንኮቹና ትልልቅ ድርጅቶቹ እዚያ ናቸው። ቀን እየቀያየርኩ ስፈልግ የክፍሉ ዋጋ በሳምንቱ መሃል ከፍ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዝቅ ሲል አየሁ። የፖይንቱ ዋጋ ግን እንደዚያ አልተወዛወዘም። ስለዚህ በፖይንት የያዝኩት የሥራ ቀኖቹን ነው።

አውሮፓ ወይም ገልፍ ያላችሁ የቼዝ ካርድ ስለሌላችሁ ይህ መንገድ አይሆናችሁም። ለእናንተ አኮር የሚባለው የፈረንሳይ የሆቴሎች ድርጅት የተሻለ ይመስለኛል። ካዛብላንካ ላይ ሶፊቴል የሚባል ሆቴል አለው። አሠራሩም ግልጽ ነው፤ 2,000 ፖይንት 40 ዩሮ ይቀንስላችኋል፣ አለቀ። ትልቅ ትርፍ አያስገኝም፤ ግን ግራ አያጋባም። ማሪዮት የሚባለው የሆቴሎች ድርጅትም በሞሮኮ ከተሞች ሆቴሎች አሉት። የፖይንቱ ዋጋ ግን በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በየጊዜው መሥራት የግድ ነው።

ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ በሮያል ኤር ማሮክ በቀጥታ ካዛብላንካ መድረስ ይቻላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ሞሮኮ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ቪዛ ስላላት ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ከአየር ማረፊያው ባቡር አለ። ካዛ ቮያዠር ጣቢያ ወርጄ ትራም ያዝኩ። ትራሙ ሆቴሉ ያለበት አደባባይ ላይ ያወርዳል። አደባባዩ ላይ ከብረት የተሠራ ትልቅ ሉል መሳይ ጉልላት ታያላችሁ፤ ዜቫኮ የተባለው የሞሮኮ አርክቴክት በ1970ዎቹ የሠራው ነው። እሱን ካያችሁ ሆቴሉን አታጡትም።

እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ትንሽ ፎርም ሰጡኝ። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ሥራ፣ ከየት መጣሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ። በሞሮኮ ሆቴሎች ሁሉ የሚሞላ ነው። አንዱ መስመር ድንበር ላይ የተሰጠንን የመግቢያ ቁጥር ይጠይቃል። እሱ ፓስፖርቱ ላይ ከተመታው ማኅተም ጋር የተጻፈ ነው። ማኅተሙን ቀድማችሁ ፎቶ አንሱት፤ ደክሟችሁ ከደረሳችሁ በኋላ ገጽ ከማገላበጥ ያድናል። ቀጥሎ ለመያዣ የሚሆን ካርድ ጠየቁኝ። ክፍሉ በፖይንት ቢያዝም ይህ አይቀርም። ክሬዲት ካርድ ስጡ። በዴቢት ከሆነ የራሳችሁ ገንዘብ ለቀናት ታግዶ ሊቆይ ይችላል። ውጭ አገር ሲጠቀሙበት ተጨማሪ ክፍያ የማይጠይቅ ካርድ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የከተማ ግብርም አለ። በአንድ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ይታሰባል፤ በፖይንት ያደረም ሰው ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ አይደለም። ትንሽ የሞሮኮ ገንዘብ (ድርሃም) ለዚህ ያዙ።

ከመድረሴ አንድ ቀን ቀደም ብዬ በአፑ መልእክት ልኬ ነበር፤ ፎቁ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ወደ አሮጌው ከተማ የሚያይ ክፍል ቢገኝ ብዬ። ሰጡኝ። መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፤ ለኔ ግን የጉዞው ትልቁ ስጦታ ይኸው ሆነ። ከሥሬ የመዲናው፣ ማለትም የአሮጌው ከተማ፣ ጣሪያዎች ተያይዘው ተዘርግተዋል። በየጣሪያው የሳተላይት ዲሽ፣ የተሰጣ አንሶላ፣ የውኃ በርሜል። ከዚያ ወዲያ የወደቡ ክሬኖች። በስተግራ በኩል ደግሞ የዳግማዊ ሐሰን መስጊድ ሚናራ፤ ቁመቱ 200 ሜትር ገደማ ነው። ማታ ማታ ከአናቱ ላይ የጨረር መብራት ወደ መካ አቅጣጫ ይለቃል። መስጊዱ በ1993 የተመረቀ ሲሆን ከፊሉ የቆመው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በአስጎብኚ መግባት ይችላል። ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ካዛብላንካ ደርሶ ይህን ሳያይ የሚመለስ ሰው ይቆጨዋል ብዬ አምናለሁ። ከሆቴሉ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ቁርስ በፖይንት ክፍያው ውስጥ አይካተትም፤ በነጻ የሚያገኙት የሃያት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው አባላት ናቸው። እኔ አንድ ቀን ብቻ ከፍዬ በላሁ፤ ሌላውን ቀን ጎዳና ወጥቼ ነበር የምበላው። ጾም ላይ ስለነበርኩ ቡፌው ይቸግረኛል ብዬ አስቤ ነበር። አስተናጋጇን ወተትና እንቁላል የሌለው ምን አለ አልኳት። ባግሪር አመጣችልኝ። ከሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ) ዱቄት ሊጥ የሚጋገር፣ በአንድ ወገኑ ብቻ የሚበስል፣ ዓይኑ ፍንትው ብሎ የወጣ ትንሽ እንጀራ ነው ማለት ይቻላል። እነሱ ቅቤና ማር ያፈሱበታል። ለእኔ በቅቤው ፋንታ አምሉ አመጣችልኝ፤ የተቆላ አልመንድ፣ የአርጋን ዘይትና ማር አንድ ላይ የተፈጨ ነው። ማሩ በዓይኖቹ ገብቶ ሲሰርግ እያየሁ ነው የበላሁት። ሁለተኛ አስደገምኩ። በማግስቱ ያንኑ ባግሪር መዲናው በር ላይ አንዲት እናት እየጋገሩ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ዋጋው ከቡፌው ጋር አይወዳደርም፤ ጣዕሙ ግን አይተናነስም። ስለዚህ ቁርስ በነጻ የማይሰጣችሁ ከሆነ ውጡና ብሉ።

ለታክሲ ቀዮቹን ትንንሽ ታክሲዎች ያዙ፤ ቆጣሪ አላቸው፣ እንዲበራም ጠይቁ። ማታ ታሪፉ በግማሽ ይጨምራል፤ ያ ሕጋዊ ነው።

ለሞሮኮ ጉዞ ሁሉ ፖይንት መጠቀም ግን አይመከርም። ፌዝና ማራኬሽ ላይ ጥሩው ማረፊያ ሪያድ ነው፤ መሃሉ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ ፏፏቴ ያለው የጥንት ቤት። አብዛኛው ሪያድ ባለቤቱ የሚያስተዳድረው ስለሆነ በየትኛውም የፖይንት ፕሮግራም ውስጥ የለም። ፌዝ ላይ በፖይንት ለማደር ብሎ ከአሮጌው ከተማ ውጭ ያለ ዘመናዊ ሆቴል መያዝ፣ የሄዱበትን ነገር ትቶ መመለስ ነው የሚሆነው። እኔ ካዛብላንካ ላይ የተረፈኝን ዶላር ፌዝ ለሪያድ ከፈልኩ። ትልቁን ሻንጣዬን ሃያት አስቀመጡልኝ፤ ስመለስ የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያው በፖይንት ይዤ ስለነበር ደስ እያላቸው ተቀበሉኝ። ከካዛ ቮያዠር ፌዝ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። አንደኛ ማዕረግ ቁረጡ፤ ወንበሩ ቁጥር ስላለው ሳትጋፉ ትቀመጣላችሁ፣ የዋጋውም ልዩነት ትንሽ ነው።