«ይህማ ጠለፋ ነው!»

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሥራዎቼ አንዱ የማታውን የንባብ ቡድን መምራት ነው። አባላቱ መጽሐፍ ይመርጣሉ፤ እኔ ቅጂዎቹን ከየቅርንጫፉ አሰባስባለሁ፣ ውይይቱንም እመራለሁ። ባለፈው ዓመት የሄዲስንና የፐርሰፎኒን የግሪክ አፈ ታሪክ በፍቅር ልቦለድ መልክ እንደ አዲስ የሚተርክ ተከታታይ መረጡ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አያድሩም፤ ሰው ወረፋ ይዞ ነው የሚጠብቃቸው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ይኸው። ፐርሰፎኒ የእህል አምላክ የዲሜተር ልጅ ናት። መስክ ላይ አበባ ስትለቅም ምድር ትሰነጠቅና የሙታን ዓለም ንጉሥ ሄዲስ በሠረገላ ብቅ ይላል። ይዟት ይወርዳል። በአዲሱ ልቦለድ ግን ልጅቱ ከእናቷ ቁጥጥር ለማምለጥ ልቧ ቀድሞም ተነሥቷል። ሄዲስ ዝምተኛ፣ ብቸኛ፣ ውስጡ የተጎዳ መልከ መልካም ነው። እናትየዋ ደግሞ ልጇን አላፈናፍን ያለች ክፉ ሴት ሆናለች።

ያን ማታ ወጣቶቹ ስለ ሄዲስ አውርተው አልጠግብ አሉ። ከቡድኑ መካከል እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል የሚመጡ አንዲት የአገራችን እናት አሉ። በመዝገበ ቃላት እየታገዙ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ እየጻፉ ነው የሚያነቡት። መጽሐፉን ጠብ አድርገው ዘጉትና በአማርኛ «ልጄ፣ ይህ እንዴት ፍቅር ይባላል? ይህማ ጠለፋ ነው!» አሉኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተረጎምኩላቸው።

አንዷ ወጣት ወዲያው ተቆጣች። «ልቦለድ እኮ ነው! የማነበው ልደሰትበት ነው። በዚህ ልሸማቀቅ ነው እንዴ?» አለች። ሁለት ሦስት ሰዎች ደገፏት። እማማ ቦርሳቸውን አነሡ።

«እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩኝ» አልኳቸውና ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ያመጣሁት በጥንታዊው የግሪክ ገጣሚ በሆሜር ስም ከሚጠሩት መዝሙሮች አንዱን፣ ለዲሜተር የተገጠመውን ነው። ዕድሜው ከ2500 ዓመት ያልፋል፤ ርዝመቱ ግን 500 ስንኝ እንኳ አይሞላም። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

እዚያ ልጅቱ ትጮኻለች። የምትጣራው አባቷን፣ የአማልክቱን ንጉሥ ዜውስን ነው፤ አባት ግን ከሄዲስ ጋር ተስማምቶ ጨርሷል። እናት አልተጠየቀችም። ዲሜተር ችቦ ይዛ 9 ቀን ሙሉ ትንከራተታለች፤ ምንም አትቀምስም፣ ገላዋንም አትታጠብም። በመጨረሻ ሁሉን ያየው የፀሐይ አምላክ ሄሊዮስ እውነቱን ይነግራታል። ከዚያ ማጽናናቱን ተመልከቱ። ለቅሶሽን ተይው፣ ሄዲስ ለአማችነት የሚያሳፍር አይደለም፣ የገዛ ወንድምሽ ነው፣ ትልቅ ግዛትም አለው ይላታል።

እማማ ጠረጴዛውን መቱት። «ሽማግሌዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው! ‹ከደህና ቤተሰብ ነው፣ አንዴ ሆኗል፣ ታረቁ› ይላሉ» አሉ። ታላቅ እህታቸው ውሃ ልትቀዳ ወጥታ እንደቀረች ነገሩን። እኔ እየተረጎምኩ ስለ ሕጉም ጨመርኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው ያን በር የዘጋው። ከመጽሐፉ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው አልነበረም።

የተቆጣችው ወጣት ግን ዝም አላለችም፤ ያለችውም ትክክል ነበር። «በዚህም ግጥም እኮ ልጅቱን ምን ትፈልጊያለሽ ያላት የለም። አባት ይሰጣታል፣ ባል ይወስዳታል፣ እናት ታስመልሳታለች። አዲሶቹ ደራሲዎች የሚጽፉት እሷም ትናገር ብለው ነው» አለች። ከዚያ የሮማኗን ፍሬ አነሣን። ተራኪው ሄዲስ ፍሬዋን በስውር ሰጣት ይላል። ፐርሰፎኒ ራሷ ግን ለእናቷ በግድ አበላኝ ብላ ነው የምትነግራት። የሙታንን ዓለም ምግብ የቀመሰ ወደዚያው መመለሱ አይቀርምና፣ በዚያች ፍሬ የተነሣ ነው የዓመቱን ሲሶ ከምድር በታች እንድትኖር የተፈረደው። ማንን እንመን? በዚህ ብቻ መዝጊያ ሰዓታችን ደረሰ። ዘበኛው መብራት እያጠፋ ነው ያስወጣን።

እኔ እንዲህ ያሉ ተከታታዮችን እወዳለሁ። ለልጅቱ ምርጫ መስጠታቸው ተገቢ ነው። የሚያንገበግበኝ ያ ምርጫ በእናቷ ኪሳራ መምጣቱ ነው። በጥንቱ ግጥም ዜውስን ያንበረከከችው ዲሜተር ናት። እህሉን አፈር ውስጥ ደበቀችው። ረሃብ ገባ፤ አማልክቱም መሥዋዕት ሊቋረጥባቸው ነው። ተራ በተራ ሊለምኗት መጡ፣ ስጦታም አቀረቡ። ልጄን በዓይኔ ካላየሁ ብላ አሻፈረኝ አለች። ዜውስ መልእክተኛውን ሄርሜስን ልጅቱን እንዲያመጣ ወደ ታች የላከው ወዶ አይደለም። ይህችን ሴት ነዝናዛ እናት አድርጎ ማስቀረት ታሪኩን ያደኸየዋል።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ የድሮ ታሪክን እንደ አዲስ የሚተርክ ልቦለድ ሲመርጥ ጥንታዊውንም አብሬ አዛለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ በላስቲክ አስሬ ነው የማድለው። የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ «ሰው ለመዝናናት ነው የሚመጣው፣ የቤት ሥራ አታብዢባቸው» ብላኝ ነበር። አሁን እሷም በምትመራው የወጣቶች ቡድን እንዲሁ ታደርጋለች።

ሁለተኛውን ቅጽ እንቀጥል ወይ ብለን ድምፅ ስንሰጥ እማማም እጃቸውን አወጡ። ወጣቷ ገርሟት ምክንያታቸውን እንድጠይቅላት ነገረችኝ።

«እናትየዋን ምን እንደሚያደርጓት ማየት አለብኝ» አሉ።