ለእንቁጣጣሽ የመረጥኩት ሻምፓኝ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ ወዳጆቼ! እኛ ቱሉ ዲምቱ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ አልሄደም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ሜዳ ግን አደይ አበባው ብቅ ብቅ ብሏል።

ዘንድሮ የብሎካችን ሰው በዓሉን አንድ ላይ ነው የሚያከብረው። ለዶሮውም፣ ለድፎውም፣ ለጠጁም ባለቤት ተገኝቷል። ለእኔ የደረሰኝ ሻምፓኝ መግዛት ነው። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ሰላምታ ተለዋውጠን የምንሮጥ ሰዎች ነን፤ አንድ ቀን ቁጭ ብለን ጥሩ ነገር ብንቀምስ ይገባናል።

እኛ ጋ አረፋ ያለው ወይን ሁሉ ሻምፓኝ ነው የሚባለው። እውነተኛው ግን ፈረንሳይ ውስጥ ሻምፓኝ ከሚባለው አካባቢ የሚመጣው ነው። ወይኑ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ አረፋው የሚመጣው ከዚያ ነው። የምርት ዘመን ያልተጻፈበት እንኳ ቢያንስ 15 ወር ሳይቆይ አይሸጥም። ዋጋው የተሰቀለው በከንቱ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጣዕሙ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው «ብሩት» የሚለውን ነው። እሱ በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው፣ ኮምጠጥ ይላል። የብሎካችን እማማዎች ደግሞ ጠጅ የለመዱ ናቸው። አንዴ ፉት ብለው፣ እኔን ላለማስቀየም ዝም ብለው ብርጭቆውን ገፋ ሲያደርጉት ማየት አልፈልግም። ስለዚህ «ዴሚ ሴክ» ያዝኩ፤ ስኳሩ በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ነው። ለድፎ ዳቦም ይስማማል።

አከፋፈቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 6 አትሞስፌር ይጠጋል። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። የውጭው አየር ስለሚሳሳ ቡሹ ከቆላ አገር ይልቅ እዚህ በኃይል ይፈናጠራል። በደንብ ይቀዝቅዝ፣ አይነቅነቅ። ቡሹን ጫን አድርጋችሁ ያዙና ጠርሙሱን ከሥር ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ልጆች አበባ ይዘው በሚገቡበት ቤት ወደ ጣሪያ መተኮሱ ይቅር።

ለማይጠጡ ጎረቤቶቻችንና ለልጆቹ ብርዝ ተዘጋጅቷል። ማንም ግን ብርጭቆ አያነሳም፣ መጀመሪያ አባባ ይመርቁናል። እናንተንም በምርቃቱ እንዲያስገቡልኝ እነግራቸዋለሁ፤ በተለይ ያለፈው ዓመት የከበዳችሁን። መልካም አዲስ ዓመት!