ባርኔጣ ውስጥ የተረሳ ደብዳቤ

ዛሬ ቺካጎ ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ አዛውንት ጠበቃ አሳፈርኩ። ገና ሳይቀመጡ ቦርሳቸው ተከፈተና ወረቀቱ ሁሉ መኪናው ውስጥ ተበተነ። አብረን ስንለቅም፣ "ሊንከን ቢሆን ባርኔጣው ውስጥ ይከተው ነበር" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት እዚሁ ኢሊኖይ ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጠ። የጥብቅና ፈቃድ ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1836 ነው። ሕግ ትምህርት ቤት አልገባም፤ መጻሕፍት ተውሶ ነው ያነበበው። ከዳኛው ጋር በፈረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሟገታል። ማታ ከሌላ ጠበቃ ጋር አንድ አልጋ ተጋርቶ ያድራል።

ደብዳቤና ሰነድ የሚይዘው ረጅሙ ባርኔጣው ውስጥ ነበር። በ1850 ለአንድ ሰው መልስ አዘግይቶ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ደብዳቤህን ባርኔጣዬ ውስጥ አድርጌው ነበር፣ በማግስቱ አዲስ ባርኔጣ ስገዛ ከአሮጌው ጋር ተረሳ ብሎ ጻፈለት። ማፈሩንም አልደበቀም። ይቺ ነገር ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣችም። ያ ሁሉ የሰው ጉዳይ፣ ያ ሁሉ የመሬትና የዕዳ ክርክር፣ አናቱ ላይ ተሸክሞት ነው የሚሄደው!

ለጠበቆች በጻፈው ማስታወሻ ደግሞ ክስ አታበረታቱ፣ ጎረቤቶቻችሁን አስማሙ ይላል። የእኛ ሽማግሌዎች የሚሉትን ማለት ነው።

"የዛሬውስ ጉዳይ ምን ሆነ?" አልኳቸው።

"ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ በእናታቸው ቤት። ኮሪደር ላይ ታረቁልኝ።"

ሲወርዱ ቦርሳውን እስከ በሩ ድረስ ይዤላቸው ሄድኩ።